ጤፍ ላይ የወጣው ደገዛ ነው ወይስ የአንበጣ ኩብኩባ?

ጥያቄው፦ «የምጽፈው ከደቡብ ወሎ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። የአባቴ ጤፍ ማሸት ጀምሯል። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ፌንጣ የመሰለ ነገር ከማሳው ጠርዝ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። አንዳንዱ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ቡናማ ነው። ክንፉ ከወገቡ አያልፍም፤ ቀንዱ ግን ከገላው ይረዝማል። ግማሾቹ ጅራታቸው ላይ ጎራዴ የመሰለ ነገር አላቸው። ጎረቤቶቻችን የአንበጣ ኩብኩባ ነው፣ ክንፍ ሳያወጣ አውሮፕላን ይጠራልን ይላሉ። አባቴ ደገዛ ነው ይላል። ወንድሜ በስልክ ስነግረው ተራ ፌንጣ ነው፣ ተዉት አለኝ። ማን ልክ ነው? ያ ጎራዴስ ይናደፋል? ልጆች እየያዙ ይጫወቱበታል።»

አባትዎ ልክ ናቸው። ከገላ የሚረዝም ቀንድ፣ ከወገብ የማያልፍ ክንፍና ጎራዴ የመሰለ ጅራት ወሎ ላይ፣ ያውም ጤፍ ሲያሸት፣ በአንድ ፍጥረት ላይ ከተገኙ ሌላ ነገር ለማሰብ ምክንያት የለኝም። ፎቶ ባይልኩልኝም ደገዛ ነው እላለሁ። ጎረቤቶችዎ የተሳሳቱት በሞኝነት አይደለም፤ እኔ ራሴ ዲግሪዬን ይዤ በተሳሳትኩበት ቦታ ነው የተሳሳቱት፤ ወደዚያ ታሪክ እመለሳለሁ። ወንድምዎ «ተዉት» ያሉት ግን ከሦስቱ መልሶች ሁሉ ጉዳት የሚያመጣው ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በአማርኛ የሚዘል ነፍሳት ሁሉ ፌንጣ ነው። ሣር ውስጥ የሚፈናጠረውም፣ ማታ ከግድግዳ ስንጥቅ የሚጮኸው ጥቁሩም፣ ቅጠል መስሎ ቁጥቋጦ ላይ የሚውለውም በዚሁ ስም ይጠራሉ። አንበጣና ኩብኩባ የሚሉት ስሞች ከአፋችን የሚወጡት መከራ ሲመጣ ነው። በትንቢተ ኢዩኤል ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያና ኩብኩባ ተራ በተራ ተጠርተዋል፤ ይህ ነው ደጎብያ ብሎ በጣቱ የሚያሳየኝ ገበሬ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ደገዛ ግን እንደዚያ አይደለም። ማሳውን የበላበት ሰው አይቶ ያውቀዋል። ሳይንሱ ስም ያወጣለት ዘግይቶ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ዴቪድ ራግ የተባለ እንግሊዛዊ ባለሙያ ዴክቲኮይደስ ብሬቪፔኒስ ብሎ ሰየመው። የፊተኛው ቃል ዴክቲከስ የተባለውን የአውሮፓ ዘመዱን እንደሚመስል ይናገራል፤ የኋለኛው «ባለ አጭር ክንፍ» ማለት ነው። ጎረቤቶችዎን ያሳሳታቸው ነገር ስሙ ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

የሚዘሉት ሁሉ፣ በሳይንሱ ኦርቶፕቴራ የሚባሉት፣ ሁለት ትልልቅ ቤቶች አሏቸው። አንደኛው ቤት ባለ አጭር ቀንዶቹ ናቸው፤ አንበጣና ቀን በሣር ውስጥ የምናያቸው አብዛኞቹ ፌንጣዎች እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው ቤት ባለ ረጅም ቀንዶቹ ናቸው፤ ክሪኬት የሚባሉት የሌሊት ጯኺዎችና አሜሪካኖች ካቲዲድ፣ እንግሊዞች ደግሞ ቡሽ ክሪኬት የሚሏቸው ቅጠል መሰል ፌንጣዎች በዚህ ውስጥ ናቸው። ደገዛ ከዚህ ከሁለተኛው ቤት፣ ከካቲዲዶቹ ወገን ነው። ስለዚህ ከአንበጣ ጋር ያለው ዝምድና ብዙዎች እንደሚያስቡት የቅርብ አይደለም። ከአንበጣ ይልቅ ማታ ማታ ከግድግዳው ሥር ለሚጮኸው ጥቁር ፌንጣ ይቀርባል።

ቀንዱን ከገላው ጋር ማስተያየት የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜም የመጨረሻው ይሆናል። የአንበጣ ቀንድ ወፈር ያለና አጭር ነው፤ ወደ ኋላ ቢታጠፍ ከደረቱ ብዙም አያልፍም፤ አንጓዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ከ30 በታች ናቸው። የደገዛና የዘመዶቹ ቀንድ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ጫፉ የት እንደሚያልቅ ለዓይን የሚያስቸግር፣ ፍጥረቱ ቆሞም ሳለ ሁልጊዜ አየሩን የሚዳስስ ነው። እርስዎ «ከገላው ይረዝማል» ብለው በጻፉበት ቅጽበት የአንበጣው ክርክር ለእኔ አልቋል። አጭር ክንፍ፣ ቀለም፣ ብዛት፣ የመብላት ፍጥነት፣ እነዚህ ሁሉ ሊያከራክሩ ይችላሉ። ከገላው የሚረዝም እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀንድ ያለው አንበጣ ግን የለም።

ይሁን እንጂ ቀንድ ይሰበራል። ከወፍ አፍ ወይም ከልጅ እጅ ያመለጠ ደገዛ በግማሽ ቀንድ ሊሄድ ይችላል፤ አንዱን ብቻ ይዞ ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሄደ ሰውም ባለ አጭር ቀንድ ነው ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ አምስት ስድስቱን ይያዙ። ቀንድ የሌለው ብቻ እጅዎ ከገባ ደግሞ መዳፉን ይመልከቱ፤ በስልክ ካሜራ አጉልቶ ማየት ይበቃል። የእያንዳንዱ እግር የመጨረሻ ክፍል በአንጓዎች የተከፋፈለ ነው። አንበጣና ክሪኬት 3 አንጓ አላቸው፤ ካቲዲዶች፣ ደገዛን ጨምሮ፣ 4 አላቸው። ቀንድ ቢሰበር መዳፍ አይዋሽም። ከባለ ረጅም ቀንዶቹ ቤት ሆኖ ቀንዱ አጠር የሚለው በዋናነት አፈር ቆፋሪው ክሪኬት ነው፤ እሱን ግን የፊት እግሮቹ እንደ አካፋ ስለሰፉ ከማንም ጋር አያምታቱትም። በሌላው ወገን ደግሞ አክሪዳ የሚባል ፊቱ ሹል፣ ሰውነቱ እንደ ደረቀ የሣር አገዳ የቀጠነ ፌንጣ አለ። ቀንዱ ረዘም ብሎ ይታያል፤ ነገር ግን ፀጉር አይመስልም፤ እንደ ጎራዴ ጠፍጣፋ ነው። ያ የባለ አጭር ቀንዶቹ ወገን ነው።

አሁን ወደ ጅራቱ ጎራዴ። አይናደፍም። መርዝም የለውም። እንቁላል መጣያ ነው፤ ያላቸውም ሴቶቹ ብቻ ናቸው፤ «ግማሾቹ» ያሉት ለዚህ ነው። ሴቷ ያንን ስለት አፈር ውስጥ አስገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። ይህ ለመለየት እንደ ቀንዱ የታመነ ምልክት ነው። የአንበጣ ሴት እንዲህ ያለ ጎራዴ የላትም፤ በሆዷ ጫፍ ያሉት አራት አጫጭር፣ ጠንካራ መቆፈሪያዎች ናቸው፤ እነሱን እየከፈተችና እየዘጋች ሆዷን አስረዝማ የበረሃ አንበጣ ከሆነች ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ አሸዋ ውስጥ ትገባለች። የክሪኬት ሴት ደግሞ ጎራዴ ሳይሆን መርፌ ነው ያላት፤ ቀጭን፣ ክብ፣ ጫፉ እንደ ጦር የሆነ። ክሪኬት ላይ ከጅራቱ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ጭራዎች ስላሉ ተማሪዎቼን «ጭራ ቁጠሩ» እላቸው ነበር። ሁለት ከሆነ ወንድ፣ ሦስት ከሆነ ሴት።

ልጆቹ መጠንቀቅ ያለባቸው ከጅራቱ ሳይሆን ከአፉ ነው። ደገዛ መንጋጋው ጠንካራ ነው፤ ጣት ከያዘ አጥብቆ ይነክሳል። በስዊድን ገበሬዎች ዴክቲከስ የተባለውን ዘመዱን ይዘው የእጃቸውን ቆዳ ላይ የወጣ ኪንታሮት ያስነክሱት ነበር፤ ለፍጥረታት ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ስዊድናዊው ሊኔየስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1758 «ኪንታሮት በሊታ» የሚል ስም የሰጠው በዚያ ምክንያት ነው። ኪንታሮቱ ይድን እንደሆነ አልመሰክርም፤ ንክሻው ግን እውነት ነው። ከሁለቱ ጎኖች ደረቱን ይዘው ካነሡት አይደርስባቸውም። አንድ የኋላ እግሩን ብቻ ይዘው ካነሡት ግን እግሩ በእጃቸው ቀርቶ እሱ ይሄዳል፤ ይህ የሁለቱም ቤቶች ልማድ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ። በቆላው ክፍል ጦቢያ በሚባለው ተክል ላይ ተቀምጦ የሚገኝ ፖይኪሎሰረስ የተባለ ደማቅ ቀለም ያለው ፌንጣ አለ። የተክሉን መርዝ በሰውነቱ ያከማቻል፤ ሲነኩት ከሰውነቱ መርዛማ ፈሳሽ ይረጫል። ፋይማቴውስ የተባሉት ትልልቅ፣ ዝግ ያሉ ፌንጣዎችም ሲነኩ መጥፎ ሽታ ያለው አረፋ ያወጣሉ። ዝላይ የማይቸኩል፣ ቀለሙ የሚጮኽ፣ ሰው ሲቀርበው የማይሸሽ ፌንጣ ካዩ ልጆቹን ያርቁ። ከሚሸሽ ፌንጣ ይልቅ የማይሸሸው ነው የሚያስፈራው።

አሁን ጎረቤቶችዎን ያሳሳተው ክንፍ። ኩብኩባ የምንለው ክንፉ ገና ያልወጣ የአንበጣ ልጅ ነው። የበረሃ አንበጣ ከእንቁላል ከወጣ በኋላ በመንጋ ሲያድግ አምስት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል፤ እስከ መጨረሻው ድረስ በጀርባው ላይ ያለው ሙሉ ክንፍ ሳይሆን እምቡጥ ነው። ስለዚህ አጭር ክንፍ ያየ ሰው «ገና ልጅ ነው፣ ሊያድግ ነው፣ ሊበር ነው» ቢል ሐሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ ደገዛ አድጎም፣ ወልዶም፣ አርጅቶም ክንፉ ያው መሆኑ ነው።

እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት መስክ ወጥቼ የጤፍ ማሳ ላይ ይህንኑ አየሁ። በጠዋት የታዘብኩትን «የአንበጣ ኩብኩባ በብዛት ታይቷል» ብዬ አስተላለፍኩ። ሰዎች መርጫና በርሜል ጭነው፣ ከወንዝ ጋር ታግለው፣ በማግስቱ ማታ ደረሱ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት አለቃ አንዱን ያዙና በመዳፌ ላይ አስቀምጠው «በል ቀንዱን ለካ» አሉኝ። ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገሩኝም፤ እራት ላይ ግን ማንም ከእኔ አጠገብ አልተቀመጠም። የማሳው ባለቤት አዛውንት ከዚያ በፊት «ልጄ፣ አንበጣ ይበራል፤ ይኼ ይራመዳል» ብለውኝ ነበር። የገበሬ ወሬ ነው ብዬ በማስታወሻዬ እንኳ አልጻፍኩትም።

ልጅ ነው ወይስ ባለ አጭር ክንፍ አዋቂ የሚለውን ዛሬ በደቂቃ ውስጥ እለየዋለሁ፤ እርስዎም ይችላሉ። ጀርባውን በደንብ አጉልተው ይመልከቱ። ሙሉ ለሙሉ ሊያድግ በተቃረበ ልጅ ላይ የክንፍ እምቡጦቹ ተገልብጠው ነው የሚተኙት፤ የኋለኛው እምቡጥ ከላይ፣ የፊተኛው ከሥር ይሆናል። በአዋቂ ላይ፣ ክንፉ ምንም ያህል ቢያጥር፣ የፊተኛው ክንፍ ሁልጊዜ የኋለኛውን ይሸፍናል። በመርፌ ጫፍ ቀስ ብለው ቢያነሡት የአዋቂው ክንፍ ከሥሩ ይነሣል፤ የልጁ እምቡጥ ግን ከጀርባው ጋር የተጣበቀ ነውና አይነሣም። ሌላም የማይስት ምልክት አለ። ልጅ አይዘፍንም። ባለ ረጅም ቀንዶቹ ድምፅ የሚያወጡት አንዱን የፊት ክንፍ በሌላው ላይ በመፋቅ ስለሆነ፣ ክንፉ ያልደረሰ ፍጥረት የሚዘፍንበት መሣሪያ የለውም። ስለዚህ ባለ አጭር ክንፍ ሆኖ የሚጮኽ ካገኙ፣ ያ ወንድ አዋቂ ነው፤ አውሮፕላኑን አይጠብቅም፤ ክንፍም አያወጣም።

ድምፅን ካነሣሁ አይቀር አስተማሪ ስለሆኑ ትንሽ ልጨምር። የማስተማሪያ መሣሪያ ሳይገዙ አንድ ሙሉ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ የሚሞላ ነገር ነው። አንበጣና ዘመዶቹ ሲጮኹ የሚፋተገው ብዙውን ጊዜ የኋላ እግራቸውና ክንፋቸው ነው፤ ድምፁ ደረቅ፣ ወረቀት እንደመፋቅ ያለ፣ በቀን ብርሃን የሚሰማ ነው። ባለ ረጅም ቀንዶቹ ክንፍ በክንፍ ይፋቃሉ። ካቲዲዶች የግራውን ክንፍ ከላይ ያደርጋሉ፤ ክሪኬቶች አብዛኛውን ጊዜ የቀኙን። ክሪኬት ክንፉን ጀርባው ላይ ጠፍጣፋ አድርጎ ሲያስቀምጥ ካቲዲድ እንደ ቤት ክዳን አጋድሞ ያስቀምጠዋል። ጆሯቸውም ቦታው ይለያያል፤ የአንበጣ ጆሮ በክንፉ ሥር፣ በሆዱ መነሻ ላይ ግራና ቀኝ ነው፤ የክሪኬትና የካቲዲድ ጆሮ የፊት እግራቸው ላይ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ከዚያ ደገዛውን ገልብጠው ጉልበቱን ይፈልጋሉ። ካቲዲድ የሚለው ስም ራሱ ከጩኸቱ የመጣ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ዘመዶች ካሉዎት በነሐሴ ሌሊት ከዛፍ ላይ «ካ-ቲ-ዲድ» እያለ የሚያነታርካቸው እሱ ነው። ቤታችን ግድግዳ ሥር የሚጮኸው ግን ክሪኬት ነው። ከመካከላቸው ባለ ሁለት ነጥብ የሚባለው ጥቁሩ በአፍሪካ ሰፊ ቦታ ላይ ይገኛል፤ በክንፎቹ መነሻ ላይ ሁለት ፈዛዛ ቢጫ ነጥቦች አሉት።

ቀለምን ሆን ብዬ እስካሁን አላነሣሁም። አረንጓዴና ቡናማ መሆናቸው የሁለት ዝርያ ማስረጃ አይደለም። በሁለቱም ቤቶች ውስጥ አንዱ ዝርያ በአንድ ማሳ አረንጓዴም ቡናማም ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። የበረሃ አንበጣማ ከሁሉ የባሰ ነው። ብቻውን ሲኖር ልጁ አረንጓዴ፣ አዋቂው ግራጫ ወይም ቡናማ ነው፤ በመንጋ ሲያድግ ልጁ ጥቁርና ቢጫ፣ ያልበሰለው አዋቂ ሮዝ፣ የበሰለው ደማቅ ቢጫ ይሆናል። በቀለም ለመለየት የሞከረ ሰው አንዱን ዝርያ አራት አድርጎ ይቆጥረዋል። እንዲያውም የሳይንስ ሰዎች ራሳቸው ብቸኛውንና መንጋኛውን ዘላን አንበጣ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ያደርጓቸው ነበር፤ አንድ መሆናቸውን ያሳየው የነፍሳት ተመራማሪው ቦሪስ ኡቫሮቭ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ነው።

የወንድምዎ ሐሳብ ከዚህ ጋር ይገናኛል፤ ምናልባትም «ተራ ፌንጣ» ሲሉ ያሰቡት ይህን ነው። አንበጣ ማለት ሲሰበሰብ ጠባዩ የሚለወጥ ፌንጣ ነው። ዝናብ ዘንቦ ሣር ሲበዛ ይራባል፤ ሣሩ ሲያንስ ይጠጋጋል፤ ሲጠጋጋ እርስ በርሱ ይነካካል። በኦክስፎርድ በተደረጉ ሙከራዎች ብቸኛውን አንበጣ የኋላ ጭኑን ደጋግሞ በመነካካት ብቻ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መንጋ ፈላጊ ማድረግ እንደሚቻል ታይቷል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ደግሞ ሴሮቶኒን የተባለው የነርቭ ኬሚካል የዚህ ለውጥ ቀስቃሽ መሆኑ ተገለጸ። ይህ የጥቂት ዝርያዎች ጠባይ ነው። ደገዛ ምንም ያህል ቢበዛ አንበጣ አይሆንም፤ ተነሥቶ ወደ ሌላ ወረዳ አይበርም። ከመንደርዎ የተነሣ ደገዛ ከመንደርዎ በእግሩ ነው የሚወጣው።

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. መንጋው ወደ አፋር፣ ሶማሌ፣ ድሬዳዋ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ወሎ የገባውን ያየ ሰው ማንኛውንም ዝላይ ቢፈራ አልፈርድበትም። ያ አደጋ የተጀመረው በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መኩኑና ሉባን የተባሉት ሁለት ማዕበሎች የዓረቢያን በረሃ ካረጠቡት በኋላ ነው። ለጎረቤቶችዎ የሚሆን መለያ ልስጥዎ። እውነተኛው የበረሃ አንበጣ በአዋቂነቱ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ግድም ይረዝማል፤ ክንፉ ከሆዱ ጫፍ ያልፋል፤ ዓይኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ መስመሮች አሉት። ገልብጠው ደረቱን ቢያዩ በሁለቱ የፊት እግሮች መካከል እንደ ትንሽ ችካል የቆመ ጉጥ አለ። ዘላን አንበጣ የሚባለው ዘመዱ ይህ ጉጥ የለውም፤ ደረቱ ግን ፀጉራም ነው። ችካሉን ፈልጎ ማግኘት አምስት ሰከንድ አይፈጅም፤ እኔ ያኔ ብገለብጠው ኖሮ በርሜሉ ወንዝ ባልተሻገረ ነበር። የአንበጣ ኩብኩባ ደግሞ በመሬት ላይ ሲሄድ እንደ ሠራዊት በአንድ አቅጣጫ ነው። ደገዛ እንዲያ ሰልፍ አይዝም፤ ሣር ለሣር እየተራመደ ነው የሚመጣው።

ልዩነቱ ለምን እንዲህ ያስጨንቀኛል? ምክንያቱም መድኃኒቱም ዘዴውም ይለያያል። ለአንበጣ መከላከያ ከሚውሉት መካከል ሜታራይዚየም አክሪደም የተባለ ፈንገስ አለ፤ ሌላውን ነፍሳት ብዙም ስለማይጎዳ የምወደው ነው፤ ነገር ግን የሚያጠቃው የባለ አጭር ቀንዶቹን ወገን ነው። ለደገዛ ቢረጩት ገንዘብና ጊዜ ነው የሚባክነው። አውሮፕላንም እንዲሁ፤ ሰው በማይኖርበት ሜዳ ላይ ለተንጣለለ መንጋ የተሠራ ዘዴ ነው። ቤት፣ ከብትና የንብ ቀፎ ባለበት መንደር ላይ በእግሩ ለሚሄድ ጠላት አይጠራም።

«ተዉት» የሚለው ግን ከዚህም ይብሳል። ደገዛ የሚበላው ቅጠሉን ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ልተወው እችል ነበር። እሱ የሚወደው ወተት የያዘውን ፍሬ ነው። ሺህ የጤፍ ፍሬ ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም፤ እንዲህ ያለ ደቃቅ ፍሬ በልቶ የአውራ ጣት የሚያህል ገላ ለመሙላት ስንት ዘለላ ማራገፍ እንዳለበት አባትዎ ያለ ሂሳብ ያውቁታል። ገብስና ስንዴም አይምርም። አሁን ጤፉ በሚያሸትበት ጊዜ ያለው ሁለት ሦስት ሳምንት ነው ወሳኙ፤ ፍሬው ከጠነከረ በኋላ ጉዳቱ ይቀንሳል።

ስለዚህ ነገ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትሞቅ፣ ማሳውን በጠርዙ ይዙሩት። በብርድ ደንዝዞ ስለሚገኝ በእጅ ለመልቀም የሚቀለው ያኔ ነው፤ ማሳው ትንሽ ከሆነ ልጆቹን ከጨዋታ ወደ ሥራ ማዞር ነው፤ ለቀማው ለዶሮ ጥሩ መኖ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ። በድንበሩ ላይ ያለውን ሣር አሁን አይጨዱት። ሣሩ በሐምሌና በነሐሴ፣ የደገዛው ልጆች ገና ደቃቅ ሳሉ ተነሥቶ ቢሆን መልካም ነበር፤ ጤፉ ባሸተበት ሰዓት ከጨዱት ግን ሣር ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ጤፉ ገፍተው እንደማስገባት ነው። ርጭት የግድ ከሆነ ከቀበሌዎ የልማት ሠራተኛ ጋር ሆነው ጠርዙን ብቻ፣ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ያድርጉት፤ ከአጨዳው በፊት መቆየት ያለበትን ቀን ከመድኃኒቱ ዕቃ ላይ አስነብበው ይቁጠሩ። ፍሬው ለእናንተ፣ ጭዱ ለበሬው ነውና ሁለቱም አፍ ውስጥ ይገባል።

ለመጪው ዓመት የሚሠራው ከአጨዳ በኋላ ነው። ደገዛ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚፈለፈለው፤ ሴቷ የጣለችው እንቁላል በጋውን በአፈር ውስጥ አሳልፎ ክረምት ሲገባ ይወጣል። እንቁላሉ በእነዚያ ወራት ማምለጫ የለውም። ዋልካው ሳይደርቅ ቀድሞ ከታረሰ ወደ ላይ የወጣውን ፀሐይና ወፍ ይጨርሱታል። ቀድሞ የሚደርስ የጤፍ ዝርያ በእጃችሁ ካለ ደግሞ በጠርዙ በኩል ያለውን መሬት ለእሱ ስጡት።

ሁሉንም ካደረጉ በኋላ እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ ፎቶ ይላኩልኝ። አንዱን ከጎን፣ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ተገልብጦ ደረቱን፤ ከአጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡ። ቀንዱ በሙሉ በፎቶው ውስጥ ይግባ፤ ሰው ሁሉ ገላውን መሐል አድርጎ ያነሣና ቀንዱን ይቆርጥብኛል። ናሙናውን ወደ ወረዳው የሚወስዱ ከሆነ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት በአልኮል ውስጥ ያድርጉ፤ ሆዱ ስለሚበሰብስ በወረቀት ጠቅልሎ ማቆየት አያዋጣም፤ አረንጓዴውም ቡናማ ሆኖ ያገኙታል። በብልቃጡ ውስጥ ቀኑን፣ የቀበሌውን ስምና የተያዘበትን ሰብል ጽፈው ይክተቱ፤ በእርሳስ ግን ይሁን፤ እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይለቃል።